አሮጌ የፍሬን ዲስክ ቀለም ተቀብቶ እንደ አዲስ እየተሸጠ ነው፤ የድሬ ሰዎች ተጠንቀቁ

ይህን የምጽፈው በተለይ በደንገጎ፣ በሐረርና በድሬዳዋ መካከል ባለው ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ ለምትመላለሱ ነው። የፊት ፍሬን ሸራና ዲስክ ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ብሩን ከመቁጠራችሁ በፊት አንብቡት። እኔ ከፍዬ፣ ገጥሜ፣ ነድቼ ነው የገባኝ።

መኪናዬ አሮጌ ኮሮላ ናት። ሸራ መቀየር ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። ሳቢያን፣ ግቢያችን ውስጥ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ በጠዋት ራሴ ነው የምቀይረው። ባለፈው ወር የፊት ፍሬኑ ይጮህ ጀመር። ብዙ ሰው ይህን ጩኸት ችላ ይለዋል። ሸራው ሊያልቅ ሲል ዲስኩን እየነካች እንድትጮህ ተብላ የተሠራች ትንሽ የብረት ምላስ አለች፤ የእሷ ድምፅ ነው። ጎማውን ፈትቼ ሳየው ሸራው 2 ሚሊ ሜትር ቢቀረው ነው። ዲስኩም ተበልቶ ጠርዙ ላይ ጥፍር የሚይዝ እርከን አውጥቷል። ሁለቱንም መቀየር ነበረብኝ።

ሦስት ሱቅ ጠየቅኩ፤ ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። አራተኛው ጋ ስገባ ሰውየው ለሁለት ዲስክና ለአንድ ሙሉ ሸራ ከሌሎቹ 4 ሺህ ብር ቀንሶ ጠራልኝ። «አቦ እመነኝ፣ ኦርጅናል ነው!» አለኝ። ቀጥሎም «አሮጌውን ዲስክ ካመጣህልኝ ሌላ 600 ብር እመልስልሃለሁ» አለ። ደስ አለኝ። ግቢ ውስጥ ተጥሎ ከሚዝግ ይሻላል ብዬ ነበር። ደረሰኝ ስጠይቀው «ማሽኑ ተበላሽቷል» አለኝ። ያኔ ትቼ መውጣት ነበረብኝ። አልወጣሁም።

መግጠሙ ላይ ጥፋት አልነበረብኝም። መኪናዋን በክሪክ ብቻ አላቆምኳትም፣ መደገፊያ ብረት አስገብቼባታለሁ። ካሊፐሩን (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን ክፍል) በሽቦ አሰርኩት እንጂ በዘይት ቱቦው አላንጠለጠልኩትም። መንሸራተቻ ፒኖቹን ጠርጌ ግሪስ ቀባሁ። ጎማ አስሬ ስጨርስ ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሜ ረገጥኩ። ይህን የምዘረዝረው «አገጣጠሙን አበላሽተኸው ነው» የሚል ስለማይጠፋ ነው። ሱቁም ያለኝ ይህንኑ ነው።

ቅዳሜ እናቴን ላመጣ ሐረር ወጣሁ። ዳገቱ ላይ ምንም አልተሰማኝም፤ ዳገት ፍሬን አይፈትንም። እሁድ ከሰዓት እናቴን ከጎኔ አስቀምጬ ቁልቁል መመለስ ጀመርኩ። የደንገጎ ጠመዝማዛ ላይ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ከዚያ ፔዳሉ እየለሰለሰ፣ እየጠለቀ ሄደ። እናቴ «ቀስ በል ልጄ» ትለኛለች። ቀስ ለማለት የምረግጠው ነገር ግን ከእግሬ ሥር እየሸሸ ነበር። ማርሽ ወደ አንደኛ አወረድኩና ሰፋ ያለ ቦታ ሳገኝ ዳር ይዤ ቆምኩ። ከአንድ ሰዓት በላይ ሲቀዘቅዝ ጠበቅን። እናቴ ምንም አላለችም። መቁጠሪያዋን ብቻ ይዛ ነበር።

ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ። ያንን ሁሉ ቁልቁለት መኪና ሲወርድ ፍሬኑ የሚይዘው ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሙቀቱን የሚሸከመው ዲስኩ ነው። የሳሳ ዲስክ ቶሎ ይግላል። ሙቀቱ አልፎ የፍሬን ዘይቱን ካፈላው ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይታመቃል። ያኔ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርዳል፣ መኪናው ግን አይቆምም።

ሰኞ ጠዋት ፈታሁት። ጥቁር ቀለሙን በሚስማር ስፍቀው ከሥሩ አሮጌ ዝገት ወጣ። ዲስኩ ላይ ውፍረቱ ከዚህ በታች መውረድ የለበትም የሚል የማስጠንቀቂያ ቁጥር ተቀርጿል፤ የእኔ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ይላል። ስለካው አንደኛው 19.2፣ ሌላኛው 18.9 ነው። ገና ከሱቅ የወጣ ዲስክ! ሸራውም ጠርዙ በጥፍሬ እየተፈረፈረ ነበር።

አንድ የቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚልጥ ማሽን) ባለሙያ ጋ ወሰድኩት። አንዴ በጣቱ ዳሰሰውና «ይሄ የተላጠ ነው» አለኝ። የተበላ ዲስክ ይሰበሰባል፣ እርከኑ እስኪጠፋ በቶርኖ ይላጣል፣ ቀለም ይረጫል፣ ካርቶን ውስጥ ይገባል። መላጥ ራሱ ወንጀል አይደለም። ውፍረት የተረፈውን ዲስክ በትክክል አስልጦ መጠቀም ይቻላል። ከቁጥሩ በታች ወርዶ አዲስ ተብሎ ሲሸጥ ግን ሰው ይገድላል። የ600 ብሩም ነገር ያኔ ገባኝ። የራሴን አሮጌ ዲስኮች በእጄ አስረክቤያለሁ። አሁን የማን መኪና ላይ እንዳሉ ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ሱቅ ስትገቡ ዲስኩን ከካርቶኑ አውጥታችሁ ብርሃን ላይ ያዙት። የፊት ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱ ፊቶቹ መካከል አየር ማስገቢያ ክፍተት አለው፤ እዚያ ውስጥ ተመልከቱ። ቶርኖም የቀለም መርጫም እዚያ ጠልቆ አይደርስም። ቅርፊት የያዘ ዝገት ካያችሁ ያ ዲስክ ዓመታት ሠርቷል። አዲስ ዲስክ ፊቱ ላይ ስስ የመከላከያ ዘይት ሊኖረው ይችላል፤ ከመግጠማችሁ በፊት በደንብ ይጠረጋል። ቬርኒየር (ውፍረት የሚለካ መሣሪያ) ይዛችሁ ሂዱ፤ ከሌላችሁ ከጋራዥ ተዋሱ። የተቀረጸውን ቁጥር ፈልጉና ለኩ። አዲስ ከሆነ ከቁጥሩ በግልጽ መብለጥ አለበት። ሻጩ «አትለካም» ካለ ሌላ ሱቅ አለ።

ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትውጡ። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። እኔ በስምንተኛው ቀን ሄድኩ። ሰውየው «ከተገጠመ አይመለስም» አለ። በእጄ ወረቀት የለም።

ልወጣ ስል ጠራኝና «እሺ፣ እንዳትጎዳ ዲስኮቹን ተውልኝና 1,000 ብር ልስጥህ» አለኝ። እምቢ አልኩ። ተሸክሜያቸው ወጣሁና በቀጥታ ብየዳ ቤት ወሰድኳቸው። ልጁ ለሁለት ለሁለት ቆረጠልኝ። አዲሶቹን ስገጥም የሚወጡትን ሁሉ ከእንግዲህ እንዲህ ነው የማደርገው። እናንተም አሮጌ ዲስካችሁን ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት አስቆርጡት። አራቱ ቁራጭ ግቢዬ ውስጥ በሩ ሥር ተቀምጧል፤ ማየት የሚፈልግ ይምጣ፣ አሳየዋለሁ።