ኪዊክስ በባሕር ዳር ክፍሎች፦ ኢንተርኔት ሳይኖር የኢንተርኔት አጠቃቀምን ማስተማር

ቲክቶክና ማስታወቂያ በሌለበት ክፍል ተማሪው የሚጋፈጠው አንድ ጥያቄ ነው፦ ያነበብኩትን ልመን ወይስ አልመን? ዊኪፔዲያን በአንድ ፋይል ይዞ ከላፕቶፕ ወደ ስልኮች የሚያድለው ነፃው ፕሮግራም ኪዊክስ ለዚህ ሥራ ከሁሉም ይሻላል።

የአማርኛው ፋይል 1 ጊጋባይት ስለማይሞላ በፍላሽ ይያዛል። የእንግሊዝኛው ከነሥዕሉ ከ100 ያልፋል፤ ለተማሪ በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈው ይበቃል። ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል ወደ ፍላሽ አልገለበጥ ካለ የፍላሹ ፎርማት (የፋይል አደረጃጀት) ፋት32 ነው፤ ወደ ኤክስፋት ይቀየር (ውስጡ ያለው እንደሚጠፋ አይርሱ)።

ላፕቶፑን ከራውተር ያገናኙ፣ የኪዊክስን ሎካል ሰርቨር ያስጀምሩ፣ የሚመጣውን አድራሻ ሰሌዳ ላይ ይጻፉ፤ ተማሪዎች በራውተሩ ዋይፋይ ገብተው በስልካቸው ብራውዘር ይከፍቱታል። ገጹ እምቢ ካለ መጀመሪያ የዊንዶውስን ፋየርዎል (ከውጭ የሚመጣ ግንኙነትን የሚያግደውን መከላከያ)፣ ቀጥሎ የተማሪውን ዳታ ይዩ፤ ስልኩ «ኢንተርኔት የለም» ብሎ ከዋይፋዩ ወደ ዳታ ይሸሻል። መብራት ሲሄድ ደግሞ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፣ ራውተሩ ግን ቀጥ ይላል። ያኔ የመምህሩ ስልክ ዳታው ጠፍቶ ሆትስፖቱ ይከፈት፣ ላፕቶፑና የተማሪዎቹ ስልኮችም ከእሱ ይገናኙ፤ የሚቀበለው ስልክ ውስን ስለሆነ 50 ተማሪ ካለ ለስድስት ስድስት አንድ ስልክ ይመደብ። ለውይይትም የሚመቸው ይኸው ነው።

ለመጀመሪያ ቀን ጥሩው ጥያቄ ደጃፍ ላይ ነው፦ የጣና ስፋት ስንት ነው? አንዱ ቡድን ከአማርኛው፣ ሌላው ከእንግሊዝኛው፣ ሦስተኛው ከመማሪያ መጽሐፉ ይፈልግ። ቁጥሮቹ ባይገጥሙ አይደንግጡ፤ ሐይቁ ራሱ እንደ ወቅቱና እንደ ዝናቡ ከ3,000 እስከ 3,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፣ ይጠባል። ስለዚህ ደብተር ላይ ከቁጥሩ ጎን የጽሑፉ ርዕስና የፋይሉ ቀን ይስፈር። ቀኑ በፋይሉ ስም መጨረሻ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ይገኛል። መልሱ የሚጻፈው ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ከተደፋ በኋላ ነው፤ ስክሪኑ ፊቱ በርቶ እያለ «በራስህ ቃል ጻፍ» ማለት ቀልድ ነው።

ጉድለት አለው። ብዙዎቹ የአማርኛ ጽሑፎች አጫጭር ናቸው። ፍለጋውም በፊደል ይሰናከላል፤ «ፀሐይ» ያላመጣውን «ጸሀይ» ሊያመጣው ይችላል፣ ተማሪው ሁለቱንም ይሞክር። አካውንት አለመጠየቁ የልጆችን መረጃ ከመሰብሰብ ያድናል፣ የይለፍ ቃል አያያዝን ለማስተማር ግን አይረዳም፤ ለዚያ ሌላ ክፍለ ጊዜ ያዙ።