ለትንሽ እጅ የሚስማማ ሽጉጥ፦ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ ኢዚ 380
እጁ ትንሽ የሆነ ተኳሽ ሽጉጥ ሲመርጥ ከስምና ከዋጋ በፊት ሊያየው የሚገባው፣ ክንዱ ከአፈሙዙ ጋር ቀጥ ብሎ እንዳለ የጠቋሚ ጣቱ ጫፍ ያለ ጭንቀት ምላጩ ላይ ማረፉን ነው። ግሎክ 19 በዚህ ፈተና ያስቸግረኛል፤ 15 ጥይት በሁለት ረድፍ የሚይዘው ካዝና እጀታውን ስለሚያወፍረው፣ ምላጩ ጋ ለመድረስ አያያዜን ማጣመም ግድ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የቀረበው ሺልድ ኢዚ 380 ግን 8 ጥይት በነጠላ ረድፍ ስለሚይዝ እጀታው ቀጭን ነው፤ ለማቀባበልም፣ ስሙ እንደሚለው («ኢዚ» በእንግሊዝኛ «ቀላል» ማለት ነው)፣ በእርግጥ ቀላል ነው። ቅር ያሰኘኝ ከእጀታው ጀርባ ያለው የደህንነት መቆለፊያ ነው፤ በላላ አያያዝ በሚገባ ካልተጫኑት ሽጉጡ አይተኩስም። እጅግ ትንንሽና ቀላል ክብደት ያላቸውን ሽጉጦች፣ ሻጮች ለሴቶች ደጋግመው ቢያቀርቧቸውም፣ ሲተኮሱ እጅን ክፉኛ ስለሚመቱ ለጀማሪ አልመክራቸውም።