ከባሕር ዳር ጣና ቂርቆስ፣ በጢሮስ በኩል፦ የሙሉ ቀን የጀልባና የአስጎብኚ አገልግሎት እንዴት ነው?

ወደ ጣና ቂርቆስ የሚወስድ ጀልባ ባሕር ዳር ላይ አይጠፋም። ይህን የሙሉ ቀን አገልግሎት የሚለየው የጢሮስ ትረካው ነው። ደሴቲቱ ሁለት ታላላቅ ትውፊቶች አሏት፦ ታቦተ ጽዮን አክሱም ከመግባቷ በፊት 800 ዓመት ያህል እዚህ መቆየቷና የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን መቃብር እዚህ መሆኑ። የሁለቱንም ክር ወደ ኋላ ቢስቡት ዛሬ ሊባኖስ ውስጥ ያለችው የጢሮስ ወደብ ላይ ይደርሳል። ታቦቷ ለነበረችበት ለሰሎሞን ቤተ መቅደስ ዝግባ የላከው የጢሮሱ ንጉሥ ኪራም ነው፤ በኋላ አባ ሰላማ የተባለው ፍሬምናጦስም የመጣው ከጢሮስ ነው። አንድ ቀን ሙሉ በዚህ ክር ላይ የሚያቆም አስጎብኚ ማግኘት ያስደስታል።

ከሁሉ የበለጠው ክፍል የታላቁ እስክንድር የጢሮስ ከበባ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ332 ጢሮስ እንደ ቂርቆስ በውሃ የተከበበች ደሴት ነበረች። እስክንድር በከተማዋ መቅደስ የከተማዋ አምላክ ለነበረው ለመልቃርት ልሠዋ ብሎ ጠየቀ፤ ጢሮሳውያን አናስገባም አሉት። መርከብ ስላነሰው በየብስ በኩል የነበረውን የአሮጌ ከተማ ፍርስራሽ እያስጋዘ ባሕሩን በድንጋይና በአፈር መድፈን ጀመረ። በየብሱ በኩል ውሃው ጥልቀት ስላልነበረው ሥራው ቀለለ፤ ወደ ደሴቲቱ ሲጠጉ ግን ጠለቀ። የከተማዋ ሰዎች ደግሞ ተቀጣጣይ የሞላበት መርከብ ለቀው የከበባ ማማዎቹን አቃጠሉ። ከተማዋ የወደቀችው ከሲዶናና ከቆጵሮስ ለእስክንድር የመጡለት ከ200 በላይ መርከቦች ከበዋት፣ ከ7 ወር ትግል በኋላ ነው። አስጎብኚው ይህን ሁሉ በእጅ በተሣለ ካርታ ያሳያል፤ ሰሜናዊውን የሲዶና ወደብና ደቡባዊውን የግብፅ ወደብ ለይቶ ያመለክታል። በድንጋይና በአፈር የተሠራው ድልድል የባሕሩን ሞገድ አግዶ አሸዋ ስላከማቸ ደሴቲቱ ከየብስ ጋር ለዘለቄታው መያያዟንም በትክክል ያስረዳል። ከአንድ ቀንድ አውጣ የሚገኘው የጢሮስ ሐምራዊ ቀለም እጅግ ጥቂት መሆኑን ሲናገርም ቁጥሩ ልክ ነው፦ ኬሚስቱ ፓውል ፍሪድላንደር በ1909 እ.ኤ.አ. ከ12,000 ቀንድ አውጣዎች ያወጣው 1.4 ግራም ብቻ ነበር።

ሁለት ስሕተቶች ግን መታረም አለባቸው። አንደኛው፣ ፍሬምናጦስን «የእስክንድርያ ሰው» ማለቱ ነው። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ እንደጻፈው ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ ከጢሮሱ ፈላስፋ ከሜሮፕዮስ ጋር ሲጓዙ መርከባቸው ውሃ ለመቅዳት ወደብ ያዘ፤ የአገሩ ሰዎች አደጋ ጣሉባቸው፤ የተረፉት ሁለቱ ልጆች ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት ተወሰዱ። እስክንድርያ የምትገባው በኋላ ነው፦ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያው ፓትርያርክ ወደ አትናቴዎስ ሄዶ በጵጵስና ተሾመ። ኤዴስዮስ ወደ ጢሮስ ተመልሶ ቄስ ሆነ፤ ሩፊኖስም ታሪኩን የሰማው ከእርሱ አፍ ነው። ሁለተኛው፣ ትረካው «እስክንድር አጠፋት» ብሎ መቆሙ ነው። ጢሮስ ተነሥታለች። ሮማውያን ትልቅ የፈረስ መሽቀዳደሚያ ሠርተውባታል፤ የመስቀል ጦረኞች በ1124 እ.ኤ.አ. ይዘዋት እስከ 1291 እ.ኤ.አ. ቆይተዋል፤ ዩኔስኮም በ1984 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። በሰሜኑ ወደብ ዛሬም ዓሣ አጥማጆች ጀልባ ያስራሉ። በሦስት ደቂቃ የሚነገር ነገር ነው፤ መቅረቱ ያሳዝናል።

ጉዞው በአንድ መንገድ 3 ሰዓት ያህል ስለሚወስድ ከማለዳው 12 ሰዓት ተኩል በኋላ መነሣት አይመከርም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ሐይቁ ይናወጣል፤ መመለሻው ከቀትር ቢዘገይ ተሳፋሪው በውሃ ይርሳል፣ ቤንዚኑም ይበዛል። በምሥራቁ ዳርቻ እምቦጭ ካጋጠመ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፤ ከሞተሩ ጎን የሚፈሰው ቀጭን ውሃ ከቆመ ደግሞ የማቀዝቀዣው መግቢያ ተደፍኗል ማለት ነው። ጀልባ ነጂው ወዲያው ሞተሩን አጥፍቶ፣ አንሥቶ ማጽዳት አለበት፤ ዝም ብሎ ከነዳው ሞተሩ ይቃጠላል። የዚህ አገልግሎት ነጂዎች ይህን ያውቃሉ፤ መቅዘፊያም ይይዛሉ። የሕይወት አድን ጃኬቶቹ ግን የአዋቂ ልክ ብቻ ናቸው፤ ልጅ ያለው ሰው ቀድሞ ይናገር።

ሌላው ጉድለት ድምፅ ነው። አስጎብኚው ከፊት ቆሞ ሲናገር ሞተሩ አጠገብ የተቀመጡት ምንም አይሰሙም። ካርታው ደሴቲቱ ላይ፣ መነኮሳቱ ለመሥዋዕት ያገለግሉ ነበር የሚሏቸውን ጎድጓዳ ድንጋዮች ከማየት በፊት፣ ጥላ ሥር ቢዘረጋ ይሻላል፤ ሲጠየቅ እሺ ይላል።

ክፍያው በጀልባ እንጂ በሰው ስላልሆነ በቡድን መሄድ ያዋጣል። የገዳሙ መግቢያ ለብቻው ነው፤ ዝርዝር ብር ይዛችሁ ሂዱ።