ቶማስ አኲናስ ኮሌጅ፦ ለየትኛው ተማሪ ይሆናል?

በካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ፓውላ የሚገኘው ይህ የካቶሊክ ኮሌጅ በ1971 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። በ2019 ደግሞ በማሳቹሴትስ፣ ኖርዝፊልድ ሁለተኛ ግቢ ጨመረ። ስሙ የተወሰደው ከ13ኛው ክፍለ ዘመን የሥነ መለኮት ሊቅ ነው።

የሚሰጠው ዲግሪ አንድ ብቻ ነው፤ የሊበራል አርትስ (ፍልስፍናን፣ ሒሳብንና ሥነ ጽሑፍን የመሳሰሉ የጠቅላላ ዕውቀት ትምህርቶች) ባችለር። ሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት ትምህርት ለአራት ዓመት ይማራል፤ የምርጫ ኮርስ የለም። ለትምህርት ከተዘጋጁ መጻሕፍት ይልቅ የታላላቅ ሊቃውንትን ሥራ በቀጥታ አንብበው ጠረጴዛ ከበው ይወያያሉ።

ከሁሉም የሚደነቀው የሒሳቡ ክፍል ነው። አንደኛ ዓመት በጥንቱ ግሪካዊ የጂኦሜትሪ ሊቅ በኤውክሊድ ይጀምራል፤ ተማሪው ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ማረጋገጫውን ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ሸምድዶ የመጣ ቶሎ ይታወቃል፤ ጓደኛው «ይህ ከየት መጣ?» ሲለው ቀጥ ይላል። ላቲንም ግዴታ ነው፤ በመጨረሻው ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ አቅርቦ ጥያቄ መመለስ አለ።

ከሌላ ኮሌጅ ለሚዛወር ግን ከባድ ነው፤ ያመጣው ክሬዲት ስለማይቆጠርለት ከአንደኛ ዓመት ይጀምራል። ነርስነት ወይም ምሕንድስና ለቆረጠ ልጅ አይመከርም፤ የሙያ ኮርሶቹን ከምረቃ በኋላ ሌላ ቦታ መውሰድ ይኖርበታል። በውይይት ዝም የሚል ተማሪም ይጎዳል፣ ትምህርቱ ራሱ ውይይቱ ነውና።