ክላውድ ወይስ የራስ ሰርቨር? ለሐዋሳ ነጋዴ የሚያዋጣው የቱ ነው?

እሁድ ረፋድ ላይ ነበር። ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሆቴል። ከአዲስ አበባ ለመዝናናት የመጡ እንግዶች ሒሳብ ዘግተው ሊወጡ ተሰልፈዋል። ድንገት ኔት ጠፋ። የሆቴሉ ሲስተም በሙሉ ክላውድ ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚደረስበት የኪራይ ኮምፒውተር ላይ ነው። ማን ስንት ቀን እንዳደረ፣ ማታ ምን እንዳዘዘ የሚያሳይ አንድም ነገር የለም። እንግዳ ተቀባይዋ እንግዶቹን ራሳቸውን እየጠየቀች በወረቀት ጻፈች። ያን ሲስተም ክላውድ ላይ ያስገባሁት እኔ ነበርኩ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያማክረኝ አስቀድሜ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ኔት ሲጠፋ የትኛው ሥራችሁ ይቆማል? ምርጫው ያለው እዚያ ላይ ነው።

ዋጋው

ክላውድ ማለት የሌላ ሰው ኮምፒውተር መከራየት ነው። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2006 ኮምፒውተር በሰዓት ማከራየት ሲጀምር ጥቅሙ ግልጽ ነበር። ሥራ ሲበዛ ጨምረህ ትከራያለህ፤ ሲቀንስ ትመልሳለህ። በበዓል ሰሞን ገበያው እጥፍ ለሚሆን የኦንላይን ሱቅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፒያሳ ላይ ሦስት ካሸር ያለው ሱፐርማርኬት ግን ዓመቱን ሙሉ የሚፈልገው ያችኑ አንድ ኮምፒውተር ነው። በወር 720 ሰዓት ሳያቋርጥ ይከራያታል። "ክላውድ ርካሽ ነው" የሚለው ወሬ ለእሱ አይሠራም።

የውጭ አገር ክላውድ አከራዮች ደግሞ የሚያስከፍሉት በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 አለፈ። በወር 50 ዶላር የሚከፍል ድርጅት 2,850 ብር የነበረው ወጪው ከ5,000 በላይ ሆነ። አገልግሎቱ ግን ያው ነው። ኢትዮ ቴሌኮምን ጨምሮ በብር የሚያስከፍሉ የአገር ውስጥ አማራጮች አሉ። ክላውድ የግድ ካስፈለጋችሁ መጀመሪያ የእነሱን ዋጋ ጠይቁ።

የራስ ሰርቨርም፣ ማለትም የድርጅቱን መረጃ ይዞ ቢሮ ውስጥ የሚቀመጥ ኮምፒውተር፣ ቢሆን አንዴ ተገዝቶ የሚያልቅ ወጪ አይደለም። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጊዜው የሚያቆይ ባለባትሪ መሣሪያ፣ ዩፒኤስ፣ ያስፈልጋል። የዩፒኤሱ ባትሪ ይደክማል፣ ሃርድ ዲስክ ይበላሻል፣ ሲበላሽ የሚጠራው ባለሙያም ይከፈለዋል። እነዚህን ሳትደምሩ አታወዳድሩ።

መስመሩ

ሻጩ "99.9 በመቶ አይቋረጥም" ሲላችሁ አትዘናጉ። በስሌት ሲታይ ያ ራሱ በወር 43 ደቂቃ መቋረጥ ይፈቅዳል። ደግሞም ቃል የተገባው ስለ እነሱ ኮምፒውተር ነው፤ ከእናንተ ሱቅ እስከዚያ ስላለው መስመር አይደለም። አማዞን ኬፕታውን ላይ፣ ማይክሮሶፍት ጆሃንስበርግ ላይ የሚያከራዩአቸው ኮምፒውተሮች የተቀመጡበት ማዕከል አላቸው። ከሐዋሳ እዚያ ለመድረስ መረጃው ድንበርና ባሕር ማቋረጥ አለበት። በ2012 ሰኔ ማብቂያ ላይ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ገደማ የቆየበትንም ጊዜ ማስታወስ ነው። ቢሮው ውስጥ ሰርቨር የነበረው ሰው ያኔም መሸጥ ይችል ነበር።

ፍጥነቱንም አስሉት። 100 ጊጋባይት ፋይል አላችሁ እንበል። በሰከንድ 4 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ለመጫን ከ55 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ያውም አንዴም ሳይቋረጥ። ፎቶና ቪዲዮ ለሚሠራ ስቱዲዮ ይህ ብቻውን ውሳኔውን ይጨርሰዋል።

የመረጃው ደኅንነት

እዚህ ላይ ክላውድ ይበልጣል። አንድ የመለዋወጫ ሱቅ አውቃለሁ። የአራት ዓመት የዕቃ መዝገብና የዱቤ ሒሳብ ሁሉ አንድ ኮምፒውተር ላይ ነበር። ባክአፕም (መጠባበቂያ ቅጂ) ነበረው፤ ግን እዚያው ኮምፒውተር ላይ ነው። ዲስኩ ሲቃጠል ሁለቱም አብረው ጠፉ። ባለቤቱ ዱቤ የወሰዱበትን ደንበኞች ከትዝታው እየለቀመ ነው የጠየቀው። ሌብነት፣ እሳት፣ ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ፦ ሁሉም ኮምፒውተሩ ባለበት ነው የሚያገኘው።

ግን ክላውድ በራሱ ባክአፕ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ስትራስቡርግ፣ ፈረንሳይ ያለው የክላውድ አከራዩ የኦቪኤች ማዕከል ተቃጠለ። ሌላ ቦታ ቅጂ ያላስቀመጡ ደንበኞች መረጃቸው በዚያው ቀረ። ኮምፒውተሩን የሚጠብቀው አከራዩ ነው፤ የይለፍ ቃላችሁንና ቅጂያችሁን ግን የምትጠብቁት እናንተ ናችሁ።

የሰው የግል መረጃ የምትይዙ ከሆነ፣ በተለይ ክሊኒኮች፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ሳታዩ የታካሚ ፋይል ወደ ውጭ አገር አትላኩ።

እኔ ብሆን

ኢሜይል ምንም አያጠያይቅም፤ ክላውድ ላይ ይሁን። የኢሜይል ሰርቨር ቢሮ ውስጥ ማስቀመጥ ድካም ብቻ ነው። ሠራተኞቹ ሐዋሳ፣ ዲላና አዲስ አበባ ተበትነው አንድ ፋይል ላይ ለሚሠሩበት ድርጅትም እንዲሁ።

ፋርማሲ፣ ሆቴል፣ ሱፐርማርኬት ከሆነ ግን ሽያጩ እዚሁ፣ ቅጂው ክላውድ ላይ። ቀን የሚሠራው ቢሮ ውስጥ ባለ ሰርቨር ነው፤ ሌሊት ኔት ሲቀል የዕለቱ መረጃ ብቻ ወደ ክላውድ ይላካል። የአንድ ቀን ሒሳብ ትንሽ ስለሆነ ደካማ መስመርም አይከብደውም።

ሻጩን ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁት። ኔት ሳይኖር ደረሰኝ መቁረጥ እችላለሁ? ውሉን ባቋርጥ መረጃዬን በምን መልክና በስንት ብር ትመልሱልኛላችሁ? ትልልቆቹ የውጭ ድርጅቶች መረጃ ስታስገቡ አያስከፍሉም፤ ስታወጡ ግን ብዙ ጊዜ ያስከፍላሉ። መልሱን በቃል አትቀበሉ፤ ውሉ ላይ ይጻፍ።

የዚያ ሆቴል ሲስተም አሁን እንግዳ መቀበያው ጀርባ ባለች ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ነው። ዩፒኤስ አላት። በየሦስት ወሩ እሄድና ክላውድ ላይ ያለውን ቅጂ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተን እናያለን፤ መጀመሪያ ጊዜ ስንሞክረው አልከፈት ብሎን ነበር።