ባለ 1,800 ብሩና ባለ 7,500 ብሩ የሶላር ቻርጀር፦ አዳማ ላይ የተሞከሩ

ሥራዬ በወለንጪቲ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች መረጃ መሰብሰብ በመሆኑ፣ በወር ሁለት ጊዜ ያህል መብራት በሌለበት አካባቢ ሦስትና አራት ሌሊት አድራለሁ። ወደ አዳማ ስመለስም ቢሆን፣ 51 እና 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ የተተከሉት የአዳማ አንድና ሁለት የነፋስ ተርባይኖች ከከተማው ብዙም ሳይርቁ እየተሽከረከሩ እኔ በሻማ የማመሽበት ጊዜ አለ፤ ኃይሉ የሚገባው ወደ አገር አቀፉ መረብ ነውና ለጎረቤት ቅድሚያ የለውም።

መጀመሪያ በ1,800 ብር የገዛሁት፣ ጀርባው ላይ መዳፍ የሚያክል ፓኔል የተለጠፈበትና 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት (በአጭሩ ሚሊአምፒር፣ የባትሪው የመያዝ አቅም) የሚል ጽሑፍ ያለበት ፓወር ባንክ ነው። ሻጩ «ፀሐይ ላይ ጣል ካደረጉት መብራት አያስፈልገውም» ሲለኝ ሒሳቡን አልሠራሁም ነበር። 20,000 ሚሊአምፒር በባትሪው 3.7 ቮልት ሲሰላ 74 ዋት ሰዓት፣ ማለትም አንድ ዋት ለ74 ሰዓት የሚሰጥ ኃይል፣ ይሆናል። ያን የሚያክል ፓኔል በጠራ ሰማይ የሚሰጠው ደግሞ አንድ ተኩል ዋት ያህል በመሆኑ፣ ምንም ብክነት ባይኖር እንኳ ባትሪውን ከባዶ ለመሙላት 50 ሰዓት የሚጠጋ ብርቱ ፀሐይ፣ ማለትም በቀን አምስት ሰዓት ገደማ ሲታሰብ ዘጠኝ ወይም አሥር ቀን ያስፈልጋል። በተግባር ስጠቀምበት የነበረው ቤት ውስጥ ከሶኬት ሞልቼ ነው።

በአምስተኛው ወር ዕቃው ሆዱ ተነፋ። የሞባይል ጠጋኙ ክዳኑን በስስ ቢላዋ ፈልቅቆ ሲያሳየኝ፣ ባትሪው እንደ ዳቦ ሊጥ ኩፍ ብሎ ከፓኔሉ የሚመጣውን ክር መሰል ሽቦ ከብየዳው አላቆታል። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ፀሐይ ላይ የሚሰጣ በርበሬ አይደለም» አለኝ። ልክ ነው። ፓኔል ያለ ፀሐይ አይሠራም፤ የሊቲየም ባትሪ ደግሞ በሙቀት ዕድሜው ያጥራል። ሁለቱን በአንድ ሣጥን ያሸገ ዕቃ አንዱን ባሠራ ቁጥር ሌላውን ይጎዳል።

ሁለተኛው ባትሪ የሌለው ባለ 21 ዋት ታጣፊ ፓኔል ነው። ዋጋው 7,500 ብር ሲሆን፣ አብሮት የሚሄድ ባለ 10,000 ሚሊአምፒር ፓወር ባንክ ለብቻው 2,000 ብር ጨመርኩበት። በዩኤስቢ መለኪያ ስፈትሸው በታኅሣሥ ቀትር 12 ዋት ገደማ ሰጠኝ። ቅር ቢለኝም ማታለል አይደለም፤ የፓኔል ዋት የሚለካው በካሬ ሜትር 1,000 ዋት ብርሃን ሲያርፍበትና ራሱ ፓኔሉ 25 ዲግሪ ሆኖ ነው። ቀትር ላይ የተዘረጋ ፓኔል ግን ከ50 ዲግሪ ያልፋል፤ በእያንዳንዱ ተጨማሪ ዲግሪ 0.4 በመቶ ያህል ኃይል ሲቀንስ፣ የቀረውን የፓኔሉ የኃይል መቆጣጠሪያና ገመዱ ይበሉታል። ቢሆንም 5,000 ሚሊአምፒር ባትሪ ያለው ስልኬን በሁለት ሰዓት ተኩል ይሞላል።

እንከን አላጣሁበትም። ደመና ሲያልፍበት ስልኩ መሙላት ያቆምና ፀሐይዋ ስትመለስ፣ ገመዱ ተነቅሎ እስኪሰካ ድረስ፣ አይቀጥልም። ስልኩን ትቼ ፓወር ባንኩን ስሰካበት፣ ያንንም ከፓኔሉ ጥላ ሥር ሳስቀምጠው፣ ችግሩ ቀረ። ነፋሱም ሁለቴ ገልብጦታል፤ አሁን አራቱን ማዕዘን በድንጋይ አስይዛለሁ።

ዋጋውን በወር ካካፈልነው ርካሹ ያሸንፋል፦ 1,800 ብር ለአምስት ወር በወር 360 ብር ሲመጣ፣ 9,500 ብር እስካሁን ላገለገለበት 19 ወር 500 ብር ነው። ይህን ስሌት ግን አልቀበለውም። ርካሹ በአምስት ወር ውስጥ ከፀሐይ ብቻ የሞላልኝ ስልክ በአንድ እጅ ጣት ተቆጥሮ ያልቃል፤ ታጣፊው በአንድ የመስክ ጉዞ ያን ይሞላል። መብራት ላላቸውና ለመጠባበቂያ ብቻ ለሚፈልጉ፣ ፓኔል የሌለው ተራ ፓወር ባንክ ከሁለቱም ይሻላል።

ለመግዛት የወሰነ ሰው ከመክፈሉ በፊት ዕቃውን ከሱቁ ደጅ አውጥቶ በራሱ ስልክ ይሞክረው፤ የሚከለክል ሻጭ ካጋጠመው ይለፈው። 20,000 ተብሎ ከ300 ግራም በታች የሚመዝን ፓወር ባንክ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ የተጻፈውን ያህል አይደለም።

ክረምት ላይ ብዙ መጠበቅ አይገባም። በሐምሌ ደመና ሥር መለኪያዬ ሦስት ዋት እንኳ ሳያሳይ የዋለባቸው ቀናት ስላሉ፣ በዚያ ወቅት ፓኔሉን ቤት ትቼ ሁለት የተሞሉ ፓወር ባንኮች ይዤ እወጣለሁ።