የአይስክሬም እንጨት ለአምባር፦ ሰፊውን ነው መግዛት

ለእጅ ሥራ ተብሎ በጥቅል የሚሸጠው የአይስክሬም እንጨት ብዙውን ጊዜ በሁለት መጠን ይገኛል፤ የተለመደው 11.4 ሴንቲሜትር ርዝመትና 1 ሴንቲሜትር ስፋት፣ ትልቁ ደግሞ 15 በ1.8 ገደማ። ተቀቅሎና ታጥፎ ለአዋቂ እጅ አምባር የሚሆነው ትልቁ ነው፤ ትንሹ ለልጅ ካልሆነ በቀር ዙሩ ጎድሎ ከእጅ ይወልቃል።

ችግሩ በአንድ ጥቅል ውስጥ እንኳ ጥራቱ አንድ ወጥ አለመሆኑ ነው። ከመቀቀል በፊት እያንዳንዱን ወደ ብርሃን አቅርቦ ማየት ይገባል። የእንጨቱ የተፈጥሮ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ይታጠፋል፤ መስመሩ ወደ ጎን የሚያመልጥ ወይም አንጓ ያለበት ግን ውሃ ውስጥ ቢያድርም ከመሰንጠቅ አይድንም። እሱን ለጆሮ ጌጥ ማስቀረት ነው።

መስመሩ ቀጥ ያለው 30 ደቂቃ ይቀቀላል፤ ከዚያ በዚያው ውሃ ውስጥ ሌላ ግማሽ ሰዓት ይቆያል። ሳይቀዘቅዝ፣ በሁለት አውራ ጣት ከመሃል ጀምሮ ቀስ እያሉ ማጠፍ። ሲንቋቋ ከተሰማ ተመልሶ ይቀቀል። የውስጥ ስፋቱ 6 ሴንቲሜትር ገደማ በሆነ ኩባያ ውስጥ ጥምዝ እንዳለ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይደርቃል። ቶሎ ካወጡት ይቃናል፤ በደንብ የደረቀውም ትንሽ ይከፈታልና ኩባያው ጠበብ ቢል ይሻላል።

ቀለም የተነከረውን ጥቅል አንመክርም፦ ሲቀቀል ይለቃል። ያልተቀባውን ገዝቶ፣ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ አክሪሊክ ቀለም ቀብቶ፣ ከውስጥም ከውጭም ሁለት ዙር ቫርኒሽ። ቫርኒሹ ከቀረ ላብና ውሃ አምባሩን መልሰው ያቃኑታል።